ሰምተን ለመፍረድ አንቸኩል፦ የመኪና ሞተር ያልተለመደ ድምፅ ሲያሰማ



ባለፈው ሴሚስተር አንድ ቅዳሜ ከጀመዓችን ጥቂት ወንድሞች ሆነን የአንድ ጓደኛችንን አባት ልንጠይቅ ጉኑኖ ሄደን ነበር። ስንመለስ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ገና ከከተማው እንደወጣ ዳገት ላይ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ማለት ጀመረ። ሹፌሩ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ አባት ናቸው። መኪናውን ጥግ አስያዙና፣ ከዩኒቨርሲቲ መሆናችንን ቀድመው ስለሰሙ ወደ እኛ ዞረው «ልጆቼ፣ ኢንጂነሪንግ አይደል የምትማሩት? እስቲ ስሙት፣ ምንድን ነው?» አሉን።

እኛም ኮፈኑ እንኳ ሳይከፈት «ጋሼ፣ ይሄማ ቢየላ ነው። ሞተሩ መውረድ አለበት» አልናቸው። ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። ሞተር ማስወረድ ማለት ለአንድ ባለ ሚኒባስ ከፍተኛ ወጪ ብቻ ሳይሆን መኪናው ቆሞ የሚቀርበት ረጅም ጊዜም ነው። የልጆች ትምህርትና የቤት ወጪ በዚያ መኪና ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ቀስ ብለው ወደ ጉኑኖ ተመለሱና አንድ የመንገድ ዳር መካኒክ ጠሩ። ልጁ ሞተሩን ከመንካቱ በፊት ጠየቃቸው፦ «ጠዋት ሲነሳ ይብሳል ወይስ ሲሞቅ? ቆሞም ይሰማል? የዘይት መብራት በርቷል?» ከዚያ በባትሪ መብራት እያየ የጭስ ማውጫው ከቴስታታው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ አሳየን። ብረቱ ላይ ጥቁር ጥላሸት ተለጥፏል። ሁለት ብሎን ላልቷል። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ አጠበቀው፣ «ጓርኒሲዮኑን ግን በቅርቡ ይቀይሩት» አላቸው። መኪናው ሲነሳ ድምፁ የለም። እኛ አንገታችንን ደፍተን ተሳፈርን።

በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲደርሰን እንድናጣራ፣ ባለማወቅ ሰውን ጎድተን እንዳንጸጸት ታዘናል። ይህንን አንቀጽ ከልጅነታችን ጀምሮ በመድረሳ ቀርተነዋል። የሞተር ድምፅም ወሬ ነው። ምስክር እንጂ ፍርድ አይደለም። ይህንን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለዚህ ነው፦ መካኒክ ልናደርጋችሁ ሳይሆን፣ ሹፌርም ሆናችሁ ተሳፋሪ፣ ገዢም ሆናችሁ ሻጭ፣ ድምፅ ስትሰሙ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ለማሳየት።

ድምፁ ከየት ይመጣል?

ሞተር ጤነኛም ሆኖ ይጮኻል። አንድ ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ፒስተን በሰከንድ 50 ጊዜ ይወጣል፣ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ብረት ሳይጋጭ የሚሠራው በመካከሉ ስስ የዘይት ሽፋን ስላለ ነው። በቢየላውና በክራንኩ መካከል ያለው ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ከሰው ፀጉር ውፍረት ብዙም አይርቅም። ዘይት ሲያንስ፣ ሲያረጅ ወይም ግፊቱ ሲወርድ ሽፋኑ ይሳሳል፣ ብረት ብረትን ይመታል። ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር ምቱ ይከብዳል።

ስለዚህ ያልተለመደ ድምፅ ከአራት ምክንያቶች ከአንዱ ይመጣል። ብረት ብረትን ሲመታ፣ የታመቀ ጋዝ በቀዳዳ ሲያመልጥ፣ ነዳጅ ያለጊዜው ሲቀጣጠል፣ ወይም ቺንጋና ኩሽኔታ ሲያረጁ። የእኛ ስህተት ሁለተኛውን አንደኛ ማድረጋችን ነበር።

ከመገመት በፊት አምስት ጥያቄዎች

አንደኛ፣ መቼ ይሰማል? ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ተሰምቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከላላ ጭስ ማውጫ ወይም ከፒስተን መላላት ነው፤ ብረት ሲሞቅ ስለሚሰፋ ክፍተቱ ይጠባል። ሲሞቅ የሚብስ ከሆነ ግን ዘይቱ ቀጥኖ ግፊቱ መውረዱን ሊያመለክት ስለሚችል ያሳስባል።

ሁለተኛ፣ ቆሞ ይሰማል ወይስ ሲሄድ ብቻ? መኪናውን አቁሞ ካምቢዮውን ነፃ አድርጎ ነዳጅ መስጠት ነው። ድምፁ ከመጣ ጉዳዩ ሞተሩ አካባቢ ነው። መኪናው ሲንቀሳቀስ ብቻ ከተሰማ ሞተሩን ትቶ ጎማውን፣ የጎማ ኩሽኔታውን፣ ክሮቸራውን መፈተሽ ይሻላል። ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚለወጥ ድምፅ ደግሞ ከፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ወይም ከካምቢዮው ነው። ይህ አንድ ጥያቄ ብቻውን ብዙ ሰው ያለአግባብ ሞተር ከማስወረድ ያድናል።

ሦስተኛ፣ ጭነት ሲጨመር ምን ይሆናል? ባዶ መኪና ሜዳ ላይ የማያሰማውን ድምፅ፣ ዝንጅብልና ስኳር ድንች ጭኖ ዳገት ሲወጣ ያሰማል። ጭነት ሲጨመር የሚጎላ ድምፅ በሲሊንደር ውስጥ ካለው ግፊት ጋር የተያያዘ ነው።

አራተኛ፣ የት ቦታ ነው? ድምፅ በብረት ውስጥ ስለሚጓዝ ጆሮ ይታለላል። መካኒኮች ረጅም ካቻቢቴ ይዘው ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው አጠገብ አድርገው ነጥብ በነጥብ ያዳምጣሉ። ሐኪም ደረት ላይ እንደሚያዳምጠው ማለት ነው። ይህንን ስትሞክሩ ግን የጀለቢያ እጅጌ፣ የሻርፕ ወይም የሒጃብ ጫፍ ከሚዞር ቺንጋና ከማራገቢያ ይራቅ። ቺንጋ ጨርቅ ከያዘ እጅንም ይወስዳል።

አምስተኛ፣ ምን አብሮ መጣ? የዘይት መብራት፣ የሙቀት መለኪያው መውጣት፣ ጭስ፣ ጉልበት ማጣት፣ ሽታ። አንድ ምስክር ብቻውን ሲናገርና ሁለት ምስክሮች ሲስማሙ እኩል አይደለም። ከባድ ምት ከዘይት መብራት ጋር ከመጣ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው።

ዋና ዋናዎቹ ድምፆች

1. ቀላልና ፈጣን «ጠቅ ጠቅ»

ከሞተሩ ላይኛ ክፍል የሚመጣ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቫልቭ ነው። ቫልቭ የሚከፈተው ክራንኩ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር ክራንኩ በሰከንድ 13 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ የአንድ ቫልቭ ምት ግን ከ6 እስከ 7 ብቻ ነው። ስለዚህ ከሞተሩ ዙር ዘግየት ብሎ የሚሄድ ቀላል ምት ብዙ ጊዜ የቫልቭ ክፍተት መስፋት ነው። በመለኪያ ይስተካከላል፣ ሞተር ማውረድ አያስፈልገውም።

ነገር ግን ከማንም በፊት ዘይቱ ይታይ። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ፣ መለኪያው ወጥቶ ይጠረግ፣ ተመልሶ ገብቶ ይነበብ። ዘይት ሲያንስ መጀመሪያ ከሚጮኹት አንዱ ከላይ ያለው ቫልቭ ነው።

በጭስ ማውጫ በኩል የሚያፈስ ጋዝም ልክ እንደ ቫልቭ «ጠቅ» ይላል። ጉኑኖ ላይ እንዳየነው መለያው በመገጣጠሚያው ላይ የተለጠፈው ጥላሸት ነው። ይህንንም ችላ ማለት አይገባም፤ የሚያፈሰው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፣ ወደ ተሳፋሪ ክፍል ከገባ ሽታ ሳይሰጥ ሰው ይጎዳል።

2. ከባድና ጥልቅ «ዱግ ዱግ»

ይህ ከሞተሩ ታችኛ ክፍል የሚመጣ፣ በሩን በጡጫ እንደመምታት ያለ ድምፅ ነው። ዳገት ላይ ይጎላል። ሞተሩን ከፍ አድርጎ ይዞ ቆይቶ ነዳጅ ሲለቀቅም ጎልቶ ይሰማል። የቢየላ ብሮንዚና ሲበላ የሚመጣው ይህ ነው። እኛ በዚያ ቀን የፈረድነው ይህንን ነበር፤ ግን የሰማነው ቀላል እንጂ ከባድ ምት አልነበረም።

መካኒክ ይህንን የሚያረጋግጠው ሲሊንደሮቹን አንድ በአንድ ሥራ በማስፈታት ነው። በቤንዚን ሞተር ካንዴላውን፣ በናፍጣ ሞተር የኢንጀክተሩን ነዳጅ ለጊዜው ያቋርጣል። አንዱን ሲያቋርጥ ምቱ በግልጽ ከቀነሰ ችግሩ እዚያ ሲሊንደር ላይ ነው። ይህንን ራሳችሁ አትሞክሩት። ከናፍጣ ኢንጀክተር የሚወጣው ነዳጅ ቆዳ ሰንጥቆ የሚገባ ግፊት አለው።

እውነተኛ የቢየላ ድምፅ ከሆነ «ሶዶ ድረስ ልድረስ» አይባልም። በጊዜ ከቆመ ብሮንዚና ተቀይሮ፣ ክራንኩ ተሰርቶ ይድናል። ከተነዳ ቢየላው ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ሊወጣ ይችላል። ያን ጊዜ የሚጠገን ነገር አይተርፍም።

3. ዳገት ላይ የሚሰማ የጠጠር መሰል «ካካካ»

የቤንዚን መኪና ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ በቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደሚንቀጠቀጥ ያለ ድምፅ ካሰማ፣ ነዳጁ ያለጊዜው ወይም በአንድ ጊዜ ፈንድቶ እየተቀጣጠለ ነው። መንስኤዎቹ የነዳጅ ጥራት ማነስ፣ የሞተር ከልክ በላይ መሞቅ፣ የእሳት ሰዓቱ መቅደም፣ ወይም በሲሊንደር ውስጥ የተጠራቀመ ካርቦን ናቸው።

እዚህ ላይ አካባቢያችን አንድ ነገር ያስተምራል። ጉኑኖ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል አንጻር 80 ከመቶ ገደማ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ስስ ስለሆነ በሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊትም ይቀንሳል፣ ድምፁም ይደበቃል። ያው መኪና ወደ አርባ ምንጭ ሲወርድ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ደጋ ላይ ያልነበረው ድምፅ እዚያ ብቅ ይላል። ሹፌሩ «ትናንት ደህና ነበረ» ሲል እውነቱን ነው። የተለወጠው አየሩ ነው። ጊዜያዊ መፍትሔው ማርሽ ቀንሶ፣ ነዳጅ አለመርገጥና ሙቀቱን መከታተል ነው።

የናፍጣ ሞተር ግን ሌላ ነው። ናፍጣ በእሳት ብልጭታ ሳይሆን በታመቀ አየር ሙቀት ስለሚቀጣጠል በተፈጥሮው ይንኳኳል። አይሱዙ ጠዋት ሲነሳ ግቢውን ቢያናውጥ በሽታ ነው ማለት አይደለም። የሚያሳስበው ከራሱ ልማድ ሲለወጥ ነው፦ አንዱ ሲሊንደር ለብቻው ሲጮኽ፣ ወይም ጥቁር ወይም ነጭ ጭስ አብሮ ሲመጣ። ያን ጊዜ ኢንጀክተሩ ይፈተሽ።

4. «ሲጥጥጥ» እና «ጉርርር»

በክረምት ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ የሚሰማው ጩኸት ብዙ ጊዜ የላላ ወይም ያረጀ ቺንጋ ነው። የፊት መብራት ሲበራ ዲናሞው ስለሚከብደው ጩኸቱ ይጨምራል፣ ይህም ማረጋገጫ ነው። ርካሽ ጥገና ነው ተብሎ መዘግየት ግን የለበትም። በብዙ መኪኖች ያው ቺንጋ የውኃ ፓምፑንም ያዞራል፣ ከተበጠሰ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል። «ጉርርር» የሚለው ደግሞ የኩሽኔታ ድምፅ ነው፦ የዲናሞ፣ የውኃ ፓምፕ ወይም የቺንጋ መወጠሪያ። ሞተሩ ጠፍቶ ቺንጋው ወልቆ እያንዳንዱ በእጅ ሲዞር የሻከረው ይታወቃል።

5. የባጃጅ ጉዳይ

ከግቢ እስከ መነኻሪያ፣ ጉኑኖ ከተማ ውስጥም የምንመላለሰው በባጃጅ ነው። ሞተሩ 200 ሲሲ አካባቢ፣ አንድ ሲሊንደር ያለውና በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። የሚይዘው ዘይት ጥቂት ስለሆነ ትንሽ መጉደሉ ከሚኒባስ የበለጠ ይጎዳዋል። ከላይ «ጠቅ ጠቅ» ሲል ቫልቩ፣ ከጎን «ሸርርር» እያለ ሲንቀጫቀጭ የውስጥ ሰንሰለቱ ይጠረጠራል። የማቀዝቀዣ ብረቶቹ በጭቃና በአቧራ ሲሸፈኑ ሞተሩ ይግላል፣ ድምፁም ይለወጣል። ማጠብ ብቻውን መድኃኒት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ዝምታም ሁልጊዜ ደኅንነት አይደለም

በሀገራችን ብዙ የሃይስ ሚኒባሶች የተገጠመላቸው ቶዮታ 5ኤል የናፍጣ ሞተር የታይሚንግ ቺንጋ አለው። ይህ ቺንጋ ጎማ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሳይጮኽ ይበጠሳል። ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ስለዚህ በድምፅ ሳይሆን በኪሎ ሜትር ይቀየራል፣ ብዙ ጊዜ 100,000 ኪ.ሜ. ገደማ ላይ። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለው፣ የዳሽቦርዱን ቁጥር አምኖ ከመጠበቅ ቀድሞ መቀየር ይሻለዋል።

መቼ ይቆማል፣ መቼ ይነዳል?

ወዲያው ይቁም፦ የዘይት መብራት ከበራ፣ ከባድ «ዱግ ዱግ» ከተሰማ፣ ሙቀቱ ቀይ ላይ ከደረሰ። የዘይት መብራት የሚበራው ግፊቱ በጣም ከወረደ በኋላ ስለሆነ «ትንሽ ልሂድ» የሚባልበት አይደለም። የጋለ ራዲያተር ክዳንም አይከፈት።

ቀስ ብሎ ወደ ቅርብ ጋራዥ ይሂድ፦ ቀላል «ጠቅ ጠቅ» ሆኖ ዘይቱ ልክ ከሆነ፣ ዳገት ላይ «ካካካ» ካለ፣ ቺንጋ ከጮኸ።

በሚቀጥለው ሰርቪስ ይታይ፦ የላላ ማርሚታ ወይም የሽፋን ቆርቆሮ መንቀጥቀጥ፣ የሞተር ጎሚኒ አርጅቶ በሚኒሞ የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ።

ድምፅን መደበቅ

እስካሁን ያልነው ስለማወቅ ነው። ከማወቅ በኋላ ደግሞ አማና አለ።

የሚጮኽ ሞተርን ለጥቂት ቀን ዝም ማሰኘት ይቻላል። ከሚገባው በላይ የወፈረ ዘይት ይጨመራል፣ ወይም ገዢው ከመምጣቱ በፊት ሞተሩ እንዲሞቅ ይደረጋል። ድምፁ ይቀንሳል፣ በሽታው ግን እዚያው ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠጡት መኪኖች በአብዛኛው ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወሩ ናቸው። ነገ ከመካከላችን የሚገዛውም የሚሸጠውም ያገለገለ መኪና ነው።

በሶሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ በአንድ የእህል ክምር አለፉ፤ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሲያስገቡ እርጥበት አገኙ። ባለቤቱ ዝናብ እንደነካው ሲናገር፣ ሰዎች እንዲያዩት ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ አታላይ ከእርሳቸው ወገን አለመሆኑንም ገለጹ። ያ ሰው እህሉን አላበሰበሰውም፣ ዝናብ ነው። ጥፋቱ እርጥቡን ከሥር ማድረጉ ነው። ሞተር ማርጀቱም የማንም ወንጀል አይደለም። ወንጀሉ ድምፁን ከወፍራም ዘይት ሥር መቅበሩ ነው። ዑለማዎቻችን ገዢ የተደበቀ ዐይብ ሲያገኝ ዕቃውን የመመለስ መብት እንዳለው ያስተማሩትም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ገዢ የሆነ ወንድም ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ይድረስ። ኮፈኑን በእጁ ይዳስስ፤ ሞቆ ከጠበቀው ይጠይቅ። ሬዲዮው ይጥፋ። ዳገት ላይ ይንዳው፤ ወላይታ ውስጥ ዳገት አይጠፋም። ሻጭ የሆነ ደግሞ ያለውን ዐይብ ቀድሞ ይናገር። ዋጋው ጥቂት ሊቀንስ ይችላል፤ በረካው ግን ያለው በእውነቱ ውስጥ ነው።

ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ ሌላ አማና አለብን። ሰዎች «እናንተ ተምራችኋል» ብለው ሲጠይቁን ቃላችን ሚዛን አለው። ያለ ማጣራት «ቢየላ ነው» ማለት የአንድን ቤተሰብ ገንዘብ ያባክናል፤ ያለ ማጣራት «ምንም አይደል፣ ይንዱት» ማለት ደግሞ ነፍስ ያስከፍላል። በመድረሳ ኡስታዞቻችን የማናውቀውን ስንጠየቅ «አላሁ አዕለም» እንድንል አስተምረውናል። በጋራዥም ይሠራል፦ «አላውቅም ጋሼ፣ ግን መጀመሪያ ዘይቱን እንይ» ማለት አያሳፍርም። ጉኑኖ ላይ ይህን ብንል ኖሮ እኒያ አባት ወደ ከተማ ሲመለሱ በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ ባላለፉ ነበር።

አላህ የተማርነውን የሚጠቅም፣ ቃላችንን እውነተኛ፣ መንገዳችንን ሰላም ያድርግልን። ኣሚን።